አቀንጭራ ሳያብብ

ቦታው ራያ ቆቦ ነው፤ ከተራራው ግርጌ የተዘረጋው የማሽላ ሜዳ። ወሩ ነሐሴ ነው። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላ ሲዘሩ የኖሩ አዛውንት ገበሬና ስለ አረም የተማረች ወጣት የግብርና ባለሙያ። ሁለቱን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የሚነጋገሩበት አቀንጭራ፣ በእህል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖረው አረም፣ ግን በዚህ ሜዳ፣ በትግራይ፣ በሐረርጌ፣ ድንበር ተሻግሮም ከሱዳን እስከ ናይጄሪያና ማሊ የገበሬን ጎተራ የሚያራቁት ነው። ባለሙያዋ ሳይንሱን ታውቃለች፤ ገበሬው ደግሞ ሳይንሱ ማሳ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ያውቃሉ። ሁለቱ እውቀቶች ዘወትር ለየብቻ ሲነገሩ ስለምሰማ ነው አንድ ማሳ ላይ ያቆምኳቸው።

ገበሬ፦ ልጄ፣ እስቲ ወደዚህ ነይ። ይህን ማሽላ እዪልኝ። ትናንት ማታ ዝናብ ጥሎ አድሯል፤ መሬቱ ገና እግር ይይዛል። ማሽላው ግን ጠውልጓል። ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ቢጫ ሰረዝ አውጥቶ፣ ቁመቱም ከጉልበቴ አላለፈም። የጎረቤቴ በዚሁ ዝናብ ደረት ደርሷል።

ባለሙያ፦ አየሁት አያ። ከሩቅ ያየው ሰው ድርቅ የመታው ነው የሚለው። አንዱን ከነሥሩ እናውጣው። እንዲሁ ከሳቡት ሥሩ ይበጠሳል፤ ዙሪያውን በዶማ ቆፍረን ከነአፈሩ እናንሣውና አፈሩን በውሃ ቀስ አድርገን እንጠበው።

ገበሬ፦ ይኸው ወጣ። ይህ ነጭ ነጩ ምንድን ነው? የማሽላው ሥር ነው?

ባለሙያ፦ አቀንጭራው ራሱ ነው። ገና ወደ ላይ አልወጣም፤ ፀሐይ ስላላየ ነው የነጣው። ቅጠሉ ቅርፊት መስሎ ግንዱ ላይ ተለጥፏል፣ ይታይዎታል? አሁን ጣትዎን እዚህ ጋ ያሳርፉ። ሥሩ ላይ አበጥ ያለች ነገር አለች። ሰርስሮ የገባው በእሷ በኩል ነው። በዚህ በአንድ ማሽላ ሥር ላይ ብቻ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ፣ ከታችም አለ።

ገበሬ፦ ላዩ ላይ እኮ አንድም አቀንጭራ የለም! እኛ መጣ የምንለው ሐምራዊ አበባውን ስናይ ነው።

ባለሙያ፦ አበባው ሲታይ አብዛኛው ጉዳት ደርሷል። ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቱ በፊት ከአንድ ወር በላይ ከታች ይቆያል። ያን ሁሉ ጊዜ የራሱ ምግብ የለውም፤ የሚኖረው በማሽላው ነው። ከወጣ በኋላ አረንጓዴ ቅጠል ያወጣል፤ ያም ሆኖ ራሱን አይችልም። የውሃው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ማሽላ ውሃ ሲያጥረው የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ አቀንጭራ አይዘጋም። እያተነነ ይስባል። ከሚወስደው ምግብና ውሃ በላይ የማሽላውን ዕድገት ስለሚያዛባም፣ ጥቂት አቀንጭራ የተጣበቀበት ማሽላ እንኳ ቀጭጮ ይቀራል።

ገበሬ፦ በአባቴ ጊዜም ነበር። ግን እዚያ ማዶ አንድ ጥግ፣ እዚህ አንድ ጥግ ነበር። አሁን አገሩን ወረሰው። ሽማግሎቻችን የፈጣሪ ቁጣ ነው ይላሉ።

ባለሙያ፦ በአባትዎ ጊዜ ይህ መሬት ጦም ያድር ነበር?

ገበሬ፦ ያድር ነበር እንጂ። ማሽላ ይዘራል፣ በዓመቱ ሌላ እህል ይገባል፣ ሲደክም ደግሞ ይተዋል፤ ከብት ይበላበታል። ዛሬ ለልጆች ተከፋፍሎ ይህቺን ብጣሽ ማን ጦም ያሳድራታል? ማሽላ በማሽላ ላይ ነው የምንዘራው።

ባለሙያ፦ መልሱ ያለው እዚያው ላይ ነው። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ከ10 ዓመት በላይ መቆየት ይችላል። ዝናብ ዘንቦ፣ አፈሩ ሞቆና ረጥቦ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢያልፍም ለመብቀል ይዘጋጃል እንጂ አይበቅልም። የሚበቅለው ሥር አጠገቡ ደርሶ፣ ሥሩ የሚያወጣውን ኬሚካል ሲያገኝ ብቻ ነው። ዘሩ ከግማሽ ሚሊሜትር የሚያንስ ብናኝ ስለሆነ ስንቁ የጥቂት ቀን ነው። በቅሎ ሥር ካላገኘ ይሞታል፤ ስለዚህ ካልተጠራ አይነቃም።

ገበሬ፦ ቆይ እስቲ። ማሽላው ነው የሚጠራው?

ባለሙያ፦ አዎ፤ የሚጠራው ግን አቀንጭራን ሳይሆን ሌላ ነው። አፈር ውስጥ ከሥር ጋር ተሳስረው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። እነሱ ፎስፈረስ ከሩቅ እየለቀሙ ለማሽላው ያቀብላሉ፣ እሱ ደግሞ ስኳር ይሰጣቸዋል። ማሽላው ፎስፈረስ ሲያጥረው ኑልኝ የሚል መልእክት በሥሩ ያወጣል። ኬሚካሉ ስትሪጎላክቶን ይባላል። መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ የተገኘውም ከጥጥ ሥር ነው። ተክሉ ይህን ነገር ለምን እንደሚያመነጭ ግን አርባ ዓመት ገደማ ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ፈንገሶቹን ለመሳብ መሆኑን አሳዩ። አቀንጭራ ለሌላ የተላከውን መልእክት ሰምቶ ነው የሚነሣው።

ገበሬ፦ ሱብሃነላህ። ሲርበው እርዳታ ጠራ፤ የመጣለት ሌባ ነው በይኛ።

ባለሙያ፦ ነገሩ እንዲያ ነው። መሬቱ በተራበ ቁጥር ማሽላው አብዝቶ ይጠራል፤ አብዝቶ በጠራ ቁጥር አቀንጭራ ይበዛል። አቀንጭራ የበላው ማሳ ደግሞ ምርት አይሰጥም፤ ምርት ያላገኘ ገበሬ ማዳበሪያ አይገዛም፣ መሬቱም ለከርሞ ይብሱን ይራባል። አቀንጭራ የድሃ መሬት አረም ነው የሚባለው በዚህ ነው።

ገበሬ፦ ይሁን፣ ገባኝ። አሁን ምን ላድርግ? የሚመጣው ሁሉ ንቀሉ ነው የሚለን። ነቀልን። አምና ልጆቼን አሰልፌ ነቅያለሁ፤ ማሽላዬ አንድ ቁና አልጨመረም። ያልነቀለው ጎረቤቴም እኩል ነው ያገኘው። እንግዲህ ወገባችንን ያጎበጥነው ለምንድን ነው?

ባለሙያ፦ ለአምናው ማሽላ ብለው ከሆነ ለምንም። መንቀል ለዘንድሮ ምርት እምብዛም አይረዳም፤ ከታች የበላው በልቷል። የሚጠቅመው ለመጪዎቹ ዓመታት ነው። አንድ አቀንጭራ አፍርቶ ከደረቀ 50,000 ከዚያም በላይ ዘር ሊጥል ይችላል። ማሳዎ ላይ መቶ አቀንጭራ ቢያፈራ አምስት ሚሊዮን ዘር አፈር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ለከርሞ የሚነቃው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። አምና የነቀሉት ለልጅዎ ነው።

ይህ መልስ በሥልጠናዎች ላይ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ገበሬው እንዲነሣሣ ሲባል የነቀለ ዘንድሮውኑ ምርቱ እንደሚጨምር ይነገረዋል። ይነቅላል፣ አይጨምርለትም፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛው ምክር ሲመጣም አያምንም። ለገበሬ ሙሉውን መንገር ከአክብሮትም በላይ ለሥራው የሚበጅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለልጁ ብሎ ዛፍ የሚተክል ሰው ለልጁ ብሎ አረም ለመንቀል የሚያንስ ልብ የለውም።

ገበሬ፦ የእኔ ማሳ ቢጸዳ የጎረቤቴ ያፈራልና! ጎርፉ ከተራራው ሲወርድ ሁላችንም በየማሳችን ጠልፈን ነው የምናጠጣው። ከላይ ያለው ሰው ያላረመውን እኔ ከታች እቀበላለሁ።

ባለሙያ፦ ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ንፋስም ያመጣዋል፣ ከገበያ የተገዛ ዘር ውስጥም ተቀላቅሎ ይገባል፣ በዶማና በማረሻ ላይ ከተጣበቀ ጭቃ ጋርም ይሄዳል። ከብት ያበበውን ቢበላ ዘሩ በሆዱ አልፎ በፋንድያው ይወጣል፤ ሳይሞት።

ገበሬ፦ እንዴ! እኛ የነቀልነውን ለላም ነው የምንሰጠው። ለመሬቱ ፍግ ስጡ ትሉን የለም እንዴ? ያው ፍግ ዘሩን መልሶ ማሳዬ ላይ ሊበትነው ነው?

ባለሙያ፦ ጥሬ ፍግ ከሆነ ሊበትነው ይችላል። በደንብ የተዘጋጀ ኮምፖስት ግን ሲብላላ ይግላል፤ ሙቀቱ ዘሩን ይገድለዋል። ስለዚህ ፍጉን ከማሳው በፊት አብላሉት። የነቀላችሁትን ደግሞ ሳያብብ ከሆነ ለከብት ብትሰጡት ግድ የለም። አብቦ ከሆነ ድንበር ላይ አትቆልሉት፤ ተነቅሎም ፍሬው ሊበስል ይችላል። አድርቃችሁ አቃጥሉት።

ገበሬ፦ ፍጉም እኮ ችግር አለበት ልጄ። እንጨት የለንም፤ ኩበት ነው የምናነደው። ለመሬቱ የሚገባው ምጣድ ሥር ገብቶ ያልቃል።

ባለሙያ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ማሳውን በሙሉ አልብሱ የማልለው። ያለችውን በየጉድጓዱ፣ ከዘሩ አጠገብ ማድረግ ይሻላል። ማዳበሪያም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ በጣት ቆንጠር አድርጎ በየተከላው ሥር ማኖር ከመበተን ይቆጥባል። በደንብ የበላ ማሽላ ጥሪውን ይቀንሳል፤ ቢጣበቅበትም ይቋቋማል።

ገበሬ፦ ዝናቡ ከቀረ ግን የማዳበሪያው ዕዳ አይቀርም።

ባለሙያ፦ እውነት ነው፤ ማዳበሪያ ያለ ውሃ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ውሃው ቀድሞ ይያዝ። ሽልሻሎ ስታደርጉ በሬው ያወጣውን ትልም በየጥቂት እርምጃው በአፈር ገደብ ብታደርጉት ዝናቡ ሳይሸሽ እዚያው ይሰርጋል። በሬውም ሰውም ያው ነው፤ የሚጨመረው የዶማ ሥራ ነው።

ገበሬ፦ እሱን ያደረገ አንድ ሰው አውቃለሁ። ድካም አለው፤ ግን ማሽላው ደኅና ነበር። እስቲ አሁን የልቤን ልጠይቅሽ። አቀንጭራ የማይደፍረው ማሽላ አለ ይላሉ። እውነት ነው?

ባለሙያ፦ አለ፤ ያገኘውም የአገራችን ሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወሎንኮሚ በምትባል ቦታ ነው የተወለዱት። ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዓለማያ ኮሌጅ ተማሩ፤ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ሱዳን ውስጥ ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ ካወጡ በኋላ ፊታቸውን ወደ አቀንጭራ አዞሩ። ላሪ በትለር ከሚባሉ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ሆነው የማሽላን ዘር ከአቀንጭራ ዘር ጋር አጋር በተባለ የረጋ ዝልግልግ ነገር ላይ እያበቀሉ፣ የየትኛው ማሽላ ሥር አቀንጭራን እንደሚቀሰቅስ፣ የየትኛው እንደማይቀሰቅስ ለዩ። የማይቀሰቅሰውን መርጠው አዳቀሉት። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የመጡ ናቸው፤ አገራችን ውስጥ የተለቀቁትም በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ነው። ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ገበሬ፦ አላህ ይስጣቸው። ጎብዬን አውቀዋለሁ፤ እዚህም ተዘርቷል። እውነትሽን ነው፣ አቀንጭራ ብዙ አይደፍረውም። አሁን ግን እኔን ስሚኝ። የአገሩ ሰው ለምን እንዳልያዘው ልንገርሽ።

ባለሙያ፦ ይንገሩኝ።

ገበሬ፦ አንደኛ፣ አጭር ነው። የእኛ ደገለት፣ የእኛ ጀጉርቴ ከሰው በላይ ነው የሚቆመው። እህሉን እኛ እንበላለን፤ አገዳውን ደግሞ በበጋ በሬው ይበላዋል፣ ሴቶቹ ያነዱታል፣ አጥር እናጥርበታለን፣ ቤትም እንሠራበታለን። አጭር ማሽላ ሰጥተሽኝ በሬዬ በመጋቢት ቢሞት በምን ላርስ? ሁለተኛ፣ ፈጥኖ ይደርሳል ትሉናላችሁ፤ እሱን እንደ ጥቅም ነው የምትቆጥሩት። አገሩ ሁሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ የእኔ ብቻ ሲቀላ ግሪሳ የት ይሄዳል? እኔ ላይ ነዋ። ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ሲያባርር ይውላል። ሦስተኛ፣ እንጀራው። ቤት ያለችው ናት ፈራጇ፤ ሲያድር ይደርቃል ካለች አለቀ። አራተኛ ደግሞ፣ ዘንድሮ ወደድኩት ብልስ፣ ለከርሞ ዘሩን ከየት አገኘዋለሁ? አንድ ዓመት ይመጣል፣ ሁለት ዓመት ይጠፋል።

ባለሙያ፦ አንዱንም አልክድም። እኔ እንደማየው ስሕተቱ አቀንጭራን ብቻ ለይቶ ማየት ነው። ገበሬው የሚፈልገው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ሳይሆን፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ደገለት ነው። አሁን ይህን ማድረግ ከቀድሞው ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የገቢሳ ቡድን ጥሪውን የሚያስቀረው የትኛው የዘር ቅንጣት እንደሆነ ለይቶ አሳተመ፤ ጥናቱን ከመሩት ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉበት። ማሽላው ዝም ይላል ማለት ግን አይደለም፤ የጥሪውን ዓይነት ይለውጣል። አዲሱን ጥሪ አቀንጭራ እምብዛም አይሰማውም። ቅንጣቱ ከታወቀ ዘንዳ ከአገሬው ዝርያ ጋር እያዳቀሉ፣ ደጋግሞም ወደ አገሬው እየመለሱ ቁመቱን፣ አገዳውንና ጣዕሙን ሳያጡ ማሻገር ይቻላል። ዓመታት ይፈጃል፤ ግን የሚሠራ ነገር ነው።

ገበሬ፦ እሱ ሲመጣ ጠሪኝ፤ መጀመሪያ የምዘራው እኔ ነኝ።

ባለሙያ፦ እሱ ሲመጣም ለብቻው አይበቃም፤ ይህን ከአሁኑ ይያዙልኝ። አቀንጭራ በየአገሩ ይለያያል፤ የአንዱ አገር አቀንጭራ ያልሰማውን ጥሪ የሌላው ሊሰማ ይችላል። በዘር ብቻ ተማምነን ቀሪውን ከተውነው አቀንጭራው ውሎ አድሮ ይለምደዋል።

ገበሬ፦ እህሉን ብቀይርስ? ጤፍ ብዘራ?

ባለሙያ፦ ጤፍን ተስፋ አያድርጉት፤ አቀንጭራ ጤፍንም ይይዛል። ዳጉሳንና በቆሎንም እንዲሁ። የሚጠቅሙት እያታለሉ የሚገድሉት ናቸው፤ ጥጥ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተር። ቅድም ጥሪው መጀመሪያ የተገኘው ከጥጥ ሥር ነው ብዬዎት የለ? ጥጥ ይጠራዋል፣ አቀንጭራው ይነሣል፣ ግን ጥጥ ላይ መኖር አይችልም። ስንቁን ጨርሶ እዚያው ይሞታል። ማሳዎን አንድ ክረምት በሰሊጥ ቢሸፍኑት ከታች የተኛው ዘር ይመናመናል።

ገበሬ፦ አንድ ክረምት ሰሊጥ ስዘራ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ሰሊጥ ሸጦ እህል ለመግዛት ደግሞ ዋጋው ሰሊጡን በሸጥሽበት ቀን ይወርዳል፣ እህል በገዛሽበት ቀን ይወጣል።

ባለሙያ፦ ስለዚህ ሙሉውን አይሁን። በማሽላው መሀል ረድፍ እያስገቡ መጀመር ይቻላል፤ ወይም አቀንጭራው የባሰበትን ጥግ ብቻ። በምዕራብ ኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ምቢታ ላይ ያለ የነፍሳት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው ዘዴ አለ። በበቆሎው መሀል ደስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል፤ በማሳው ዳር ዳር የዝሆን ሳር። መጀመሪያ የታሰበው ለአገዳ ቆርቁር ነበር፤ ደስሞዲየሙ በጠረኑ ቆርቁሩን ከማሳው ያባርረዋል፣ ሳሩ ወደ ዳር ይስበዋል። ሲሠሩት ታዲያ አቀንጭራም ጠፋ። የደስሞዲየም ሥር አቀንጭራውን ይቀሰቅሰውና ሥሩ እንዳያድግ ያግደዋል። ናይትሮጅንም ለመሬቱ ይጨምራል፤ ራሱም መኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አፍሪካ፣ በ2017 ደግሞ እኛ ዘንድ የገባውን መጤ ተምችም እንደሚቀንስ ታይቷል።

ገበሬ፦ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ደስሞዲየም ያልሽው ግን በየዓመቱ ይዘራል ወይስ ተክሎ ይቀራል?

ባለሙያ፦ አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይቆያል።

ገበሬ፦ እንግዲያው እኛ ዘንድ በጥር ያልቅለታል። ማሽላ ከታጨደ በኋላ ከብት ልቅ ነው የሚለቀቀው፤ ማሳው የሁሉም ነው። ከሥሩ ግጠው ነው የሚያልፉት።

ባለሙያ፦ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው፤ ድርቁ ደግሞ ሌላው። ኬንያ ላይ የሠራው እዚህ የሚሠራው ልቅ ግጦሹ ሲቆም ነው። እሱን ደግሞ እኔ በወረቀት አላቆመውም። የሰፈሩ ሰው ነው የሚወስነው።

ገበሬ፦ የሚወስነው የሰፈሩ መረዳጃ፣ ቅሬ ነው። አንድ ነገር ልበልሽ ልጄ። በ2013 መኸር አንበጣው ሲመጣ ሁላችንም ወጣን፤ ሴቱም ልጁም ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ። አውሮፕላንም መጣ፣ ሬዲዮውም ስለ እኛ አወራ። ከአገር የራቀ ዘመድ ሁሉ ደውሎ ደኅና ናችሁ ወይ አለ። ያ ሁሉ ሆኖም ብዙው እህል ተበላ። አቀንጭራ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሲበላን አንድም ሰው አልደወለልንም። ጩኸት የለውም፤ ሰማዩን አይሸፍንም።

ባለሙያ፦ እኔም የምቆጨው በዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሰሜንና ደቡብ ካሮላይና ላይ የአቀንጭራ ወገን የሆነ አንድ አረም በበቆሎ ማሳ ተገኘ። እየታሰሰ ሲሄድ ከ170,000 ሄክታር በላይ መያዙ ታወቀ። መንግሥት አዋጅ አወጣ፤ ከተያዘው ማሳ የሚወጣ እህል፣ መሣሪያና አፈር ሳይመረመርና ሳይጸዳ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። አፈሩ ውስጥ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ እያስገቡ፣ ሰብል በሌለበት ዘሩን አስነሥተው እንዲሞት አደረጉት። በየዓመቱ ማሳ በማሳ እየዞሩ ፈለጉት። አሁን ከዚያ ሁሉ የቀረው ጥቂት ነው።

ገበሬ፦ ጋዙን እኛ ከየት እናመጣለን?

ባለሙያ፦ ጋዙን አናመጣም፤ ለትንሽ ማሳ የሚሆንም አይደለም። የሚገርመኝ ሌላው ነው። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሳይሰለቹ ሠሩት። አቀንጭራ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ የሚጠብቅ ከሆነ ሦስት ዓመት የሚሠራ ፕሮጀክት አያሸንፈውም። ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ዘሩ ይቀራል። ከሱ እኩል መቆየት የሚችል ማን ነው ብዬ ስጠይቅ ከእናንተው በቀር አላገኝም።

ገበሬ፦ ገባኝ። ወዴት ልትይ እንደሆነ ገባኝ። ቅሬያችን ቀብር ያስፈጽማል፣ የታመመ ሰው ማሳ በደቦ ያርማል፣ በጎርፍ ጠለፋ የተጣላ ያስታርቃል። ያልወጣ ሰው ይቀጣል። ያን ሁሉ ከቻልን አንድ የአቀንጭራ ቀን ማውጣት ያቅተናል?

ባለሙያ፦ አያቅታችሁም። ግን አንድ ቀን ብቻ አይሁን፤ አቀንጭራ በአንድ ቀን ሁሉም አይወጣም። የመጀመሪያው በነሐሴ አጋማሽ፣ ሁለተኛው ከጳጉሜ በፊት፣ የዘገየውን ደግሞ በመስከረም። መጀመሪያ ጎርፉ ከሚመጣበት ከላይኛው ማሳ ትጀምሩና ወደ ታች ትወርዳላችሁ። አቅመ ደካማና የሙት ቤት ማሳ እንዳይቀር፤ አንድ ያልታረመ ማሳ የሃያውን ልፋት ያፈርሳል።

ገበሬ፦ ከአጨዳ በኋላም ብቅ የሚል አለ። ማሽላው ታጭዶ ጉቶው ላይ ሲያብብ አየዋለሁ። ሰው ያን ጊዜ አውድማ ላይ ነው፤ ዞር ብሎ አያየውም።

ባለሙያ፦ አያ፣ ይህን እንኳን አስታወሱኝ። ብዙው ዘር የሚረግፈው እንዲያ ሰው ፊቱን ሲያዞር ነው። እንደታጨደ ጉቶውን አንዴ ማረስ ነው፤ በሬው ሳይደክም፣ መሬቱ ሳይደርቅ።

ገበሬ፦ መልካም። እኔ በሚቀጥለው ጁምዓ ሰውን አናግራለሁ፤ የክርስቲያኖቹንም ሽማግሎች እጨምራለሁ፣ ማሳችን የተቀላቀለ ነውና። ያንን የቆፈርነውን ሥር ስጪኝ፤ ላሳያቸው። ነጩን ካላዩ አያምኑኝም። አንቺ ደግሞ የኔን መልእክት አድርሺ። ለተመራማሪዎቹ፦ ደገለትን ይዛችሁ ኑ፣ ሌላ ማሽላ አታምጡብን፤ ስትመርጡም ሚስቶቻችን እንጀራውን ይቅመሱት። ለዘር አቅራቢው፦ ዘሩ መጋቢት ላይ እጃችን ይግባ፤ እኛ ሚያዝያ ላይ ነው የምንዘራው፣ ዝናብ ከገባ በኋላ የመጣ ዘር ለእኛ ዘር አይደለም። ለእርሻ ጽሕፈት ቤቱም፦ ስለ አረሙ የምትጠይቁን እህሉ ከታጨደ በኋላ፣ ለሪፖርት ስትፈልጉት ነው። ነሐሴ ላይ ኑ፣ ጭቃው ውስጥ ግቡ፣ ሳያብብ አብራችሁን ንቀሉ።